ለክንፉ የከበደ ቀስት

አምስተኛዋ ፍላጻ የማንጎው ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰክታ ስትቀር ዛሂራ በወጥ ቤቱ መስኮት አየቻት። በእጇ የያዘችውን ጭልፋ ወረወረችና «ያ ረቢ፣ ይህን ሰውዬ ወይ አንተ ያዝልኝ፣ ወይ እኔ እይዘዋለሁ!» አለች። ጅግራዎቹ እንደ ሰርግ ቤት ሴቶች እየተንጫጩ አጥሩን ተሻገሩ። ክንፉ ደግሞ ሃምሳ አምስት የሚል ቁጥር ያለበትን ከባዱን ቀስት ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ጉሮሮውን እየጠራረገ ተመለሰ።

አራት ጠዋት ሙሉ እንዲህ ነው። አራት ጠዋት! ሁለቱን ፍላጻ አባይ በላቸው፤ አንዱ ግንብ ላይ ተሰበረ፤ አንዱ የት እንደገባ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ይቺ ደግሞ የወፍ ማረፊያ ሆነች። ከዘጠኙ አራት ቀሩ። በጓሮው ክፍል ውስጥ የክንፉ ሚስት ዮሳቤጥ የስድስት ቀን አራስ ሆና ተኝታለች። ብዙ ደም ፈሷታል። ልጅቷ ጡት ትስባለች፣ ወተት የለም፣ ታለቅሳለች። ለቅሶዋ በየቀኑ እየቀጠነ መሄዱን ዛሂራ በገዛ ጆሮዋ እየሰማች ነው። ጠዋት ምስር በውሃ፣ ማታ ውሃ በምስር፤ አራስ በዚህ አትነሳም። ሥጋ ያስፈልጋታል፣ የሥጋ መረቅ።

ሥጋው ባይኖር ኖሮ እኮ ዛሂራ እንዲህ አትናደድም ነበር። አለ! በየቀኑ ጎህ ሲቀድ በሁለት እግሩ እየሄደ ይመጣል። እሷ ከምትጠብቀው ቤት ቀጥሎ፣ እስከ ወንዙ የሚዘልቅ ማንጎና ሎሚ የተተከለበት ሰፊ የአትክልት ቦታ አለ። ባለቤቱ ሽማግሌ ከሁለት ወር በፊት በመጨረሻ የካርቱሙን ሰፈር ቡሪን ለቀው ሲሄዱ የጅግራዎቹን ቤት ከፈቱና «ልጄ፣ የያዘ ይብላቸው፣ ሐላል ብያለሁ» አሏት። መያዙ ላይ ነው ነገሩ። ጅግራ ሁለት ወር ከተለቀቀ የሰው ወዳጅ መሆኑን ይተዋል። ወጥመድ ተጠመደለት፣ ገመዱን ዘሎት ሄደ። በድንጋይም ተሞከረ። ጠመንጃ ቢገኝ እንኳ አይተኮስም፤ መንገዱ ጫፍ ላይ ያለው ኬላ ከሰማ ጅግራውንም ተኳሹንም ይዞ ይሄዳል። ድምፅ የሌለው ቀስት ብቻ ነው።

ቀስቶቹ የሙዲሩ ናቸው። ዛሂራ ከወሎ፣ ከሐርቡ መጥታ በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ስትሠራ አሠሪዋን ከ«ሙዲር» በቀር በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም። ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ ሀውሹ፣ ግቢው ውስጥ፣ ገለባ አስከምሮ ይለማመድ ነበር፤ ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወጥቶ ጅግራና ጥንቸል ያድን ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር «ሁለት ሳምንት ነው፣ ቤቱን ጠብቂ» ብሎ ሚስቱንና ልጁን ሉጥፊያን ጭኖ ሄደ። የዛሂራ ፓስፖርት በሚስቱ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ሳምንት ይኸው ሰባት ወር ሆነው። ይህን ባሰበች ቁጥር ቆሽቷ ያርራል። ግን ሙዲሩ ሩቅ ነው፣ ክንፉ ቅርብ ነው፣ ንዴት ደግሞ ቅርቡን ይወዳል።

ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉት ቀስቶች ሦስት ናቸው፤ በየሆዳቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ሃምሳ አምስት፣ አርባ፣ ሃያ ስምንት። ቁጥሩ የራሱ የቀስቱ ክብደት አይደለም፤ በእጅ ሲያነሷቸው ሦስቱም ያው በትር ናቸው። ጅማቱ እስከ አገጭ ሲሳብ ጣት ላይ የሚያርፈው ሸክም ነው፣ በፓውንድ። ዛሂራ ይህን ያወቀችው ማንም አስተምሯት አይደለም። ሻይ እያመላለሰች፣ ከገለባው ላይ ፍላጻ እየነቀለች ስታይ ነው። ሙዲሩ ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «እስከ አገጭህ ሳብ። ያዝ። በልብህ አስር ቁጠር። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ቀስቱ ያንተ አይደለም፣ መልሰህ ስቀለው። አደን ላይ አውሬው ጎኑን እስኪሰጥህ አንተ ነህ የምትጠብቀው።»

እንግዳው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ሐቅ ነው» ይላል፣ ከዚያ ሃምሳ አምስቱን ያነሳል። ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ ጠበቃው፣ ሁሉም! አንድም ወንድ ሃያ ስምንቱን ሲነካ አይታ አታውቅም። ዛሂራም ፍላጻቸውን ከአበባ መሐል፣ ከጎረቤት ጣሪያ፣ አንድ ጊዜም ከመኪና ጎማ ላይ ስትለቅም ኖረች። ሃያ ስምንቱ የሉጥፊያ ነበር፤ ልጅቷ መያዣው ላይ ሮዝ ቢራቢሮ ለጥፋበታለች። ክንፉንም የጣለው ያ ቢራቢሮ ነው።

ክንፉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዛሂራ በንዴቷ መሐል እንኳ ይህን አትክድም። በፖለቲካ ጣጣ ከአገር ወጥቶ ሃያ ዓመት ካርቱም የኖረ፣ የተማረ፣ ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሰፈር በትርጉም ሥራው የሚከበር፣ በአርባ ስምንት ዓመቱ የመጀመሪያ ልጁን ያየ ሰው ነው። ዮሳቤጥ እዚያው ዴም በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። ዛሂራ አርብ ዕረፍቷ ሲሆን እሷ ሱቅ ሳትቀመጥ ተመልሳ አታውቅም። ዴም በጥይት ሲታመስ ዮሳቤጥ በስምንት ወር ሆዷ በእግሯ መጥታ በሩን አንኳኳች። ዛሂራ «የሰው ቤት ነው» አላለችም፣ ከፈተች። ልጅቷንም የተቀበለችው እሷ ናት፣ በእነዚሁ እጆቿ።

«ታዲያ ዛሂራ ራሷ ለምን አትወረውርም?» የሚል ካለ አገሩን አያውቅም ማለት ነው። ወሎ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ይጋባል፣ ይዋለዳል፣ አንዱ የሌላውን ለቅሶ ይቀመጣል። ቢላዋው ጋ ሲደርስ ግን ይለያያል። ሰርግም ቢሆን ሁለት ዳስ፣ ሁለት ድስት ነው። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ክርስቲያኑ አይቀምስም፤ በስመ አብ ተብሎ የታረደውንም ሙስሊሙ እንደዚያው። አያት ቅድመ አያት የኖረበት ነው፣ ማንም ማንን አይቀየምበትም። ስለዚህ ዛሂራ ብትገድለው ዮሳቤጥ አትበላውም። ክንፉ ቢገድለው ዮሳቤጥ ትበላለች፤ ክንፉ ግን አይገድልም! መምታት የምትችለው መምታቷ አይጠቅም፣ መምታቱ የሚጠቅመው መምታት አይችል። አሁን ይህ አያሳብድም?

በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ጋሽ ክንፉ! ስንት ቀረ?»

«አራት። አይዞሽ፣ ዛሬ ለጥቂት ነው የሳትኩት።»

«ለጥቂት! ጅግራው መሬት ላይ፣ ፍላጻው ዛፍ ጫፍ ላይ! ይህ ነው ለጥቂት?»

«ነፋስ ነበር እኮ።»

«ቅጠል አልተንቀሳቀሰም! መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር።»

ክንፉ ቀስቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ግራ እጁን እንደ አስተማሪ አነሳ። «ስሚኝ ዛሂራ፣ ይህ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ኃይል ሲጨምር ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ፍላጻው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በዚያች በሃያ ስምንቷ እንኳን ጅግራ ትንኝም አይሞት።»

«ኃይሉማ የቀስቱ ነው። እርስዎ የታሉ? በሉ አሁን እፊቴ ይሳቡትና አስር ይቁጠሩ።»

«ምን ያደርጋል አሁን...»

«ይቁጠሩ!»

ሳበው። አገጩ ጋ ሳይደርስ ፊቱ ደም መሰለ። አንድ፣ ሁለት፤ ሦስት ላይ ክርኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አምስት ሳይባል ጅማቱ አሸነፈውና ወደ ፊት ጎተተው። ቀኝ ትከሻውን ይዞ አንዴ ተንፈስ አለ። ዛሂራ «ምን ሆኑ?» ስትለው «ምንም፣ ተኝቼበት ነው» አላት።

«ምግብ ስላልበላሁ ነው እንጂ ድሮማ...» ብሎ ጀመረ።

«እኮ! እኔስ የምለው ምን ሆነና? የጠገበ ሰው ቀስት ነው የያዙት! ረሃቡ የሁላችንንም ጉልበት በግማሽ ቀንሶታል፤ ቀስቱን ግን አልራበውም፤ ትናንትም ሃምሳ አምስት፣ ዛሬም ሃምሳ አምስት ነው። እዚያ ቁጭ ብለው፣ በብርዱ፣ በባዶ ሆድዎ፣ ጅግራው እስኪዞር ድረስ ገትረው ሊይዙት ነው? ሃያ ስምንቱን ያንሱ። በአላህ፣ በማርያም፣ በፈለጉት ይዤዎታለሁ፣ ያንሱት።»

«የሕፃን መጫወቻ?» አለ ክንፉ። «ስንት እስር ቤት ያየሁ ሰው፣ በእርጅናዬ ቢራቢሮ የተለጠፈበት ቀስት ይዤ ዛፍ ሥር ልንበርከክ?»

«ቢራቢሮውን ልላጠው?»

«ነገሩ ቢራቢሮው አይደለም!»

«ነገሩ እሱው ነው! አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እየሞተች ነው!»

ዛሂራ ሰው ፊትም ሆነ በጓዳ ክንፉን «አንተ» ብላው አታውቅም። አምልጧት ነው፤ ካመለጣት ወዲያ ግን መመለሻ አጣችለት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለች። «ወረቀቱስ ነፍስ የለውም። አንተን ምን ልበልህ?»

«እስቲ አንቺ ሳቢው!» ብሎ ጮኸባት ክንፉ። «ማውራትማ ማን ያቅተዋል? አንቺም አትስቢውም እኮ!»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ዛሂራም ያበደችው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሃምሳ አምስቱን ከግድግዳው ነጥቃ ስታነሳ ስለ ዮሳቤጥም ስለ ሕፃኗም አላሰበችም። ሰውዬውን ማሳፈር ብቻ ነበር ያማራት። ስድስት ዓመት ብርድ ልብስ በእጇ የጨመቀች፣ የጋዝ ሲሊንደር በደረጃ ያወጣች ሴት ናት፤ ፍላጻ ሰካችና ሳበችው። አገጯ ድረስ ሳበችው! የክንፉ አፍ ተከፈተ። የፈለገችውም ይህንኑ ነበር፣ አፉ ሲከፈት ማየት። አንድ አለች፣ ሁለት አለች። ሦስት ላይ ጀርባዋ ነደደ፤ አራት ላይ ጣቶቿ የሷ አልመስል አሏት። ቀስ ብላ መልሳው ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን እፊቱ ልትመልሰው ነው? በጭራሽ! አጥሩ ላይ ወደ ቀረችው አንዲት ጅግራ አዙራ ለቀቀችው።

ፍላጻው ከጅግራዋ ሁለት ቁመት በላይ አለፈ፣ ሎሚውን አለፈ፣ ማንጎውን አለፈ፣ አባይ ገባ። ሦስት ቀሩ።

ከጓሮው ክፍል የሕፃኗ ድምፅ ይሰማል፤ ለቅሶ ማለትም ይከብዳል፣ ሲር ሲር ብቻ። ዛሂራ ቀስቱን መሬት ላይ ጣለችና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አራት ጠዋት ሙሉ የረገመችውን ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ እሷው ራሷ አደረገችው። በራሷ ላይ የነደደው ንዴት በክንፉ ላይ ከነደደው ይብስ ነበር።

«አሁን ይብቃን» አለች ወደ «እርስዎ» ተመልሳ። «እኔ በትንሿ እመታለሁ። እርስዎ ቢላዋ ይዘው አጠገቤ ይሁኑ። ከሞተ የኔ ይሆናል፣ እሷም አትበላው። ሳይሞት ከደረሱበትና በእጅዎ ካረዱት ግን የእናንተ ነው። እንዲወድቅ እንጂ እንዲሞት አልመታውም።»

ክንፉ መሬት መሬቱን እያየ «እሺ» አለ። ምን ይበል? ቀኝ እጁን እኪሱ ከትቶ ነበር፣ እዚያው ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ዛሂራ ብቻዋን ቀስቶቹ ጋ ገባች። አርባው ልቧን ፈተነው። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆንላት፣ በስውር ስባው ታውቅ ነበር፤ ያኔ አስራ አምስት እየቆጠረች እንኳ አይታክታትም ነበር። አሁን ሳበችውና ቆጠረች፤ ሰባት ላይ የእጇ አንጓ ተርገፈገፈ። «ትንሽ ብጠነክርስ?» አለች። እንደገና ሳበች፣ ስድስት። በሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀነሰ! «ዛሂራ፣ ያንቺ አይደለም» አለችና ሰቀለችው። ሃያ ስምንቱን ወስዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ አደኑ ቁጭ ብሎ ነዋ። አስር ቆጠረች፣ አስራ አምስት ቆጠረች፣ እየተነፈሰች ሃያ ቆጠረች። እጇ ዝም አለ። ከዚያ የግንቡን ጥላ እየተከተለች ባዶ ጆንያ ላይ ሦስቱን ፍላጻ እየመላለሰች ወረወረች። በሃያ እርምጃ ግማሹን ትስታለች፤ በአስራ ሁለት እርምጃ አንዱንም አትስትም። እንግዲያው አስራ ሁለት እርምጃ ነው። ቀስቱ ቢቀልባት እሷ ትቀርባለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሎሚው ሥር፣ ከተገለበጠ በርሜል ጀርባ ተንበርክካለች። ክንፉ ከግንቡ ጥግ፣ ከጀርባዋ፣ የወጥ ቤቱን ቢላዋ ይዞ ቁጭ ብሏል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጅግራዎቹ አንድ በአንድ ከዛፍ እየወረዱ መጫር ጀመሩ። ሃያ እርምጃ ላይ አንድ ወፍራም መጣ፤ ተወችው። አስራ አምስት ላይ ቆመ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። አስራ ሁለት። ዛሂራ ገተረች። ጅግራው ደረቱን ሰጥቷታል፣ ጎኑን አልሰጣትም፤ ደረቱን ብትመታው ደግሞ እዚያው ይሞታል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። እየቆጠረች ጠበቀችው። ሃምሳ አምስቱ ቢሆን ይህን ጊዜ ፍላጻው ወንዝ ገብቶ ነበር። አስራ አንድ ላይ ጅግራው ዞረ። ለቀቀችው።

ክንፍ ሥር መታችው፤ ጅግራው ተንከባሎ፣ ፍላጻውን ሰብሮ፣ እየተወራጨ መሬት ላይ ቀረ። የቀሩት በርረው ጠፉ።

«ያላ! ጋሽ ክንፉ፣ ያላ! በሕይወት አለ!»

ክንፉ ሮጦ ደረሰ፤ ተንበረከከ። ዛሂራ ክንፎቹን ረግጣ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ስባ ያዘችለት። ጣቶቿ ሥር የወፉ ልብ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ይዘገያል። «በስመ አብ» አለ ክንፉ፤ ቢላዋውን አነሳና እጁ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ትከሻው አልነሳ አለ። ከክርኑ በታች ያለው ሁሉ ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። አስጠጋው፤ ላባ ብቻ ቆረጠ። እንደገና አስጠጋው፤ ቢላዋው ከእጁ ወደቀ።

«ምን ሆነሃል?»

«እጄ... ከማክሰኞ ጀምሮ... አይታዘዝም።»

«በግራህ! በግራህ ያዘው!»

በግራው አነሳው። በግራው ዳቦ እንኳ ቆርጦ የማያውቅ ሰው፣ ስለቱን ገልብጦ ይዞት ነበር። የጅግራው ዓይን መሸፈን ጀመረ። ከአሁን በኋላ ለአንዱም ለሌላውም የማይሆን በድን ነው፤ የዮሳቤጥም አይደል፣ የሷም አይደል፣ የውሻ ነው። ዛሂራ ቢላዋውን ከእጁ ነጠቀች። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር!» አንዴ ጎተተችው። ደሙ አሸዋው ላይ ፈሰሰ።

ወፉ ዝም እስኪል ድረስ ሁለቱም እንደተንበረከኩ ቆዩ። እጁን በእጄ ይዤ ባስቆርጠውስ ኖሮ፣ እሱ እያለ እኔ ብገፋውስ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ መጣላት፤ ሲመጣላት ምን ያደርጋል!

«ከማክሰኞ ጀምሮ» አለች። «ከማክሰኞ ጀምሮ እጅህ እንደሞተ ታውቃለህ። ትናንት ‹እሺ፣ አርዳለሁ› ስትለኝ ታውቅ ነበር።»

«ይሻለኛል ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ቢላዋ ማንሳት ያቅተኛል ብዬ...» ክንፉ ግራና ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሂራ፣ ማንም አላየን። ‹ክንፉ ነው ያረደው› እንበላት። ትብላ። ትዳን። ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ።»

ዛሂራ እንደዚያን ቀን ተቆጥታ አታውቅም። ጩኸቱ ሁሉ ትናንት አልቆባት ስለነበር ቀስ ብላ ተናገረች፤ እሱ ይብሳል።

«እኔን ‹ሁለት ሳምንት ነው› ብለውኝ ሄደዋል። ይህን የሚያህል ቤት አስታቅፈው፣ ወረቀቴን ይዘው፣ ዓይኔን እያዩ ዋሽተውኛል። ሰው ሳያውቀው ሲወሰንበት ምን እንደሚመስል ንገሪኝ ብትለኝ ቁጭ ብዬ እነግርህ ነበር። እኔ በሰው አፍ ውስጥ ሳያውቀው ሥጋ አልከትም። እኔ እቀቅለዋለሁ። የምትነግራት ግን አንተ ነህ፣ በአፍህ።»

መረቁ ሲደርስ ሽታው ሀውሹን ሞላው። ዛሂራ ሳህኑን ይዛ የጓሮውን ክፍል በእግሯ ገፋችው። ዮሳቤጥ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረች፤ ዓይኗ ሳህኑ ላይ ተሰካ። ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት፣ አፏን ከፍታ፣ አታለቅስም።

«መታኸው?» አለች ባሏን። «ክንፍዬ፣ መታኸው?»

ዛሂራ ሳህኑን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና ክንፉን አየችው። «ንገራት።»

ነገራት። ቀስቱን ነገራት፣ ፍላጻዎቹን ነገራት፣ እጁን ነገራት፤ ቢላዋው ጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ዛሂራ «እኔ ነኝ ያረድኩት፣ በኛ ነው የታረደው፣ ዮሳቢዬ» ብላ ጨረሰችለት። «አትበዪ ካልሽ አልቀየምሽም። ወላሂ አልቀየምም። ሁለት ፍላጻ አለ፣ ነገ ደግሞ እሞክራለሁ።»

ዮሳቤጥ ልጇን አየች። ነገ የሚባለውን ቃል የሰማች አትመስልም።

«ትንሿ ቀስት እዚያው ነበረች?» ብላ ጠየቀች።

«ነበረች» አለ ክንፉ።

«አራቱንም ቀን?»

«አራቱንም ቀን።»

«እሷም ‹ያንሷት› ብላህ ነበር?»

ዮሳቤጥ እጇን ዘርግታ ሳህኑን ወደ ራሷ ጎተተች። አማተበች።

«ከዚህ ስንወጣ ለንስሐ አባቴ ይህን የምትነግራቸው አንተ ነህ» አለችው፤ ድምፅ ስላልነበራት በሹክሹክታ። «‹ዮሳቤጥ የሙስሊም ሥጋ በላች› ብለህ አትንገራቸው፣ እሱ ባንተ አፍ የሚነገር አይደለም። ‹ሚስቴና ልጄ ሲራቡ ቀላል ቀስት ማንሳት አፈርኩ› በላቸው። ቀኖናውንም አንተ ተቀበል።»

ከዚያ የጅግራውን ጭን አንስታ ነከሰች፤ አጥንቱን ግጣ እስክትጨርስ ድረስ አንዳቸውንም ቀና ብላ አላየችም።